ለኪስ ቢላ የትኛው ስለት ይሻላል? ልሙጥ፣ ጥርሳም ወይስ ድብልቅ

የኪስ ቢላ ሲገዛ ብዙ ሰው የሚያየው እጀታውን ነው። ቀለሙን ያያል፣ ክብደቱን ይመዝናል፣ ከፈት ከደን አድርጎ ድምፁን ይሰማል። ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳበስ ያደርግና "ስል ነው" ብሎ ይከፍላል። አዲስ ቢላ ደግሞ ሁሉም ስል ነው። ልዩነቱ የሚታየው ቆይቶ ነው፣ ቢላው ሲዶለዱም። ያኔ ማን ይስለዋል? በምን?

ስለት በሦስት ይከፈላል። ልሙጥ የሚባለው ከእጀታው እስከ ጫፉ አንድ ወጥ መስመር ያለው ነው፤ የሽንኩርት ቢላችሁን አስቡ። ጥርሳሙ እንደ ዳቦ መቁረጫ ቢላ ሾል ሾል ያሉ ጥርሶችና በመሀላቸው ጎድጎድ ያሉ ግማሽ ክቦች አሉት። ድብልቁ ደግሞ ወደ ጫፉ ልሙጥ ሆኖ ወደ እጀታው ጥርስ የወጣለት ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገርና፣ መሀል አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ለገሃርና ሜክሲኮ ላይ ውሎ ለሚገባ ሰው ልሙጡ ይበቃዋል። ምክንያቱ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ስለመቁረጥ ብቻ አይደለም።

ልሙጥ ስለት ተጭነውትም ሳብ አድርገውትም ይቆርጣል። ማንጎ ይልጣል፣ እርሳስ ይቀርጻል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ይገፍፋል። የቆረጠው ቦታ ንጹሕ ነው፣ አይቦጫጨቅም። ማስረጃ ካስፈለገ ቁርጥ ቤት መግባት ነው። ሰውየው ሥጋውን በግራ እጁ ወጠር ያደርጋል፣ ቢላውን በቀኙ አንዴ ሳብ፣ አለቀ። ጉርሻው እንደ ተለካ ሆኖ ይወጣል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጥርሳም ቢላ ቢቀርብ ሥጋው ተቦጫጭቆ ክር ክር ይላል፣ ባለ ቁርጡም ወዲያው ሌላ ቢላ ይጠይቃል። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ሳይፈርስ በፊት እዚያ ቁርጥ የበላ ሰው ይሄን ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የታወቁት የኪስ ቢላዎችም ሲጀመሩ ልሙጥ ነበሩ። ስዊዛዊው ካርል ኤልስነር ሱቁን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው፤ በ1891 ለስዊዝ ጦር ቢላ ማቅረብ ጀመረ። ዛሬ ቪክቶሪኖክስ የምንለው የእሱ ኩባንያ ነው። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ኦፒኔል በ1890 የእንጨት እጀታ ያለውን ታጣፊ ቢላውን ሠራ፣ እስካሁንም መልኩ ብዙ አልተለወጠም። ጥርስ ወደ ኪስ የገባው ዘግይቶ ነው። የአሜሪካው ቢላ ሠሪ ስፓይደርኮ እ.ኤ.አ. በ1981 በአንድ እጅ የሚከፈትና ኪስ ላይ በክሊፕ የሚንጠለጠል ቢላ አወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ጥርሳም ስለት ጨመረበት፣ ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉት። እ.ኤ.አ. በ2008 የስዊዝ ጦር ራሱ በከፊል ጥርሳም ስለት ያለው አዲስ ቢላ ተቀብሏል። ጥርስ ራሱ አዲስ ነገር ነው ማለት ግን አይደለም፤ ጥርስ ያለው ማጭድ ከብረት በፊት በድንጋይ ዘመንም ነበር።

ጥርሱ ምን ይሠራል? ስትጭኑት ጉልበቱ ሁሉ ጥቂት ሹል ነጥቦች ላይ ይከማቻል። ነጥቦቹ ነገሩን ነክሰው ይይዙታል፣ ስትስቡት ደግሞ ጎድጓዳው ውስጥ ያለው ስለት ይቆርጠዋል። ስለዚህ የሚያንሸራትት ነገር ላይ ተወዳዳሪ የለውም። የናይለን ገመድ፣ ሲባጎ፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ የመኪና ቀበቶ፣ ላዩ ጠንካራ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ድፎ ዳቦ። ሌላም ጥቅም አለው። ጠረጴዛውን ወይም ሳህኑን የሚነካው የጥርሱ ጫፍ ስለሆነ ጎድጓዳው ስለቱን ይዞ ይቆያል፣ ቢላው ሳይሳል ወራት ይሠራል። መርካቶ ላይ ቀኑን ሙሉ ጭነት የሚፈታና የሚያስር ሰው ጥርሳም ቢመርጥ አልከራከረውም።

ችግሩ የሚመጣው ሲዶለዱም ነው። ጥርሳም ቢላ በጠፍጣፋ ድንጋይ አይሳልም። ድንጋዩ ጎድጓዳው ውስጥ አይገባም፣ ጥርሱን ብቻ እየበላ ይሄዳል። የሚያስፈልገው ቀጭን ሾጣጣ ዘንግ ነው፤ እያንዳንዱን ጎድጓዳ ለየብቻው፣ ያውም ብዙውን ጊዜ ከአንዱ ጎን ብቻ፣ ምክንያቱም ጥርሱ በፋብሪካ የወጣው በአንድ በኩል ነው። ሌላኛው ጠፍጣፋ ጎን የተረፈችውን የብረት ብናኝ ለማንሳት ለስለስ ተደርጎ መነካት ብቻ ነው ያለበት። ዘንጉን ሱቅ ውስጥ ካጣችሁት መላ አለ፦ ብርጭቆ ወረቀት ገዝታችሁ ጎድጓዳው የሚያክል ምስማር ወይም የእስክሪብቶ ቀፎ ላይ ጠቅልሉት። ይሠራል፣ ግን ጊዜ ይበላል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ቢላውን ይዞ ብረታ ብረት ቤት ይሄዳል፣ እዚያ ደግሞ ግራይንደር ይጠብቀዋል።

ግራይንደር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ጥሩ ቢላ የሚሞተው እዚያ ስለሆነ። በር የሚበይድ ባለሙያ ቢላ ሳል ሲባል እምቢ አይልም። ፍንጣሪው ይረጫል፣ በደቂቃ ውስጥ ስል የመሰለ ነገር ይሰጣችኋል። ስለቱን ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ካያችሁ ብረቱ ተቃጥሏል፣ ጥንካሬው ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ብትስሉትም ቶሎ ቶሎ ይዶለዱማል። ጥርሳም ከነበረ ደግሞ ጥርሱም አብሮ ሄዷል። ልሙጥ ሆኖ ነው የሚመለስላችሁ፣ ያውም መጥፎ ልሙጥ።

ልሙጡን ግን ቤታችሁ ውስጥ ባለው ነገር ትስሉታላችሁ። መሳያ ድንጋይ ካለ እሰየው። ከሌለ የቡና ሲኒ ገልብጡ። ከሥሩ ያለችው ያልተቀባች ሸካራ ክብ ቀለበት ጥሩ መሳያ ናት፤ ብዙ እናት ሽንኩርት ከመክተፏ በፊት ቢላዋን እዚያች ላይ ሻር ሻር ታደርጋለች። ዋናው አያያዙ ነው። በየጎኑ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይበቃል። ማዕዘኑን ለመገመት የወረቀት ጥግ ውሰዱ፣ እሱ 90 ነው። አንዴ ስታጥፉት 45፣ እንደገና ስታጥፉት 22 ተኩል ይሆናል። ከዚያች ጠባብ ጥግ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙትና ቀኝና ግራውን እኩል አስኪዱት። ማዕዘኑ እንዳይወዛወዝ ብቻ። አንዴ ተኝቶ አንዴ ቆሞ የሚሄድ ቢላ ቀኑን ሙሉ ቢሳል አይሳልም።

ድብልቁስ? ወረቀት ላይ ሲያዩት ብልህ ምርጫ ይመስላል፣ ሁለት ቢላ በአንድ ዋጋ። ኪስ ውስጥ ሲገባ ግን ችግር አለው። የኪስ ቢላ ስለት ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ነው። ግማሹን ለጥርስ ስትሰጡ የቀረው ልሙጥ ከ4 ሴንቲ ሜትር ተኩል አይበልጥም፣ ትልቅ ብርቱካን እንኳ ለሁለት ለመክፈል ያጥራል። ጥርሱም አጭር ስለሆነ ዳቦ በአግባቡ አይቆርጥም። በዚያ ላይ እጃችን ጉልበት የሚያገኘው ለእጀታው ቅርብ በሆነው ክፍል ነው፣ እንጨት የምንቀርጸውም ሽቦ የምንገፈውም በዚያ ነው፤ ጥርሱ የተተከለው ደግሞ በትክክል እዚያው ላይ። ድንገት ገመድ መበጠስ ለሚገጥመው ሾፌር ወይም ለአደጋ ጊዜ ሠራተኛ ይሆናል። ለሌላው ከሁለት ያጣ ነው ባይ ነኝ።

"ገመድ ቢገጥመኝስ?" ለሚል ሰው መላው ከአሳሳሉ ይገኛል። ልሙጥ ስለት በጣም ለስላሳ ድንጋይ ላይ እንደ መስታወት ካልተወለወለ በቀር በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ጥርስ አለው። መካከለኛ ድንጋይ ላይ፣ ለምሳሌ ቁጥሩ ከ400 እስከ 600 የሆነ ብርጭቆ ወረቀት ላይ ስላችሁ ብታቆሙት ያ ጥቃቅን ጥርስ ይቀራል። ቲማቲም ልጣጩ ላይ አይንሸራተትም፣ ሲባጎም ሳብ ሲያደርጉት ይበጠሳል። ለጺም አይሆንም፣ ግን ማን በኪስ ቢላ ጺሙን ይላጫል?

መሀል ከተማው ራሱም ተለውጧል። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ተነሥቶ ጃንሜዳ ገባ፣ ከጃንሜዳም ወጣ። ከአትክልቱ ጋር የጆንያና የገመድ ሥራውም ከዚያ ሰፈር ሄደ። አሁን ቸርችል ጎዳና ላይ ከቢሮ ቢሮ የሚመላለስ ሰው የሚቆርጠው ካርቶን፣ ፕላስተር፣ የዕቃ ማሸጊያ ላስቲክና አንዳንዴ ፍራፍሬ ነው። ካርቶን ቢላ ቶሎ ያዶለዱማል፣ ስለዚህ ደጋግሞ መሳል አይቀርም። ደጋግሞ የሚሳል ቢላ ደግሞ ለመሳል የሚቀል ይሁን።

ስትገዙ ብረቱንም ጠይቁ። የማይዝገው ለኪስና ለላብ ይመቻል። የሚዝገው፣ እንደ ኦፒኔል ካርቦን ያለው፣ በቀላሉ ይሳላል ግን ሎሚ ቆርጣችሁ ሳትጠርጉት ካደረ ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። የታዋቂ ቢላ ቅጂ ገበያው ላይ ሞልቷል፤ ስለቱን ከፍታችሁ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉት፣ ከተወዛወዘ መልሱት።

ፍተሻውን እንዳትረሱ። ባንክ፣ ሆቴል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሁሉም በር ላይ ቦርሳ ይከፈታል፣ ኪስ ይዳበሳል። ጥቁርና ጥርሳም ሰንጢ ብዙ ያስጠይቃል። እንደ ቪክቶሪኖክስ ያለች ትንሽ ቀይ ቢላ ብዙ ጊዜ "እዚህ አስቀምጥና ስትወጣ ውሰድ" ተብላ ትታለፋለች፣ እሱም ጠባቂው ደግ ከሆነ ነው። መስቀል አደባባይ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቀን ልሙጥም ሆነ ጥርሳም ቤት ይቀመጥ። ቦሌም በእጅ ሻንጣ አያሳልፉትም፣ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ በሚጫነው ሻንጣ ነው የሚሄደው።