የእንባ ቱቦ ማሸት ምንድን ነው?

አዳማ ነፋስና አቧራ የማያጣት ከተማ ስለሆነች፣ ዓይኑ እንባ የሚያቀርር ሕፃን ሲታይ «ነፋስ መቶት ነው» ማለት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ሕፃኑ በተወለደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ከቤት ሳይወጣ በዋለበት ቀን እንኳ ሳያለቅስ እንባው በጉንጩ የሚወርድ፣ ጠዋት ሽፋሽፍቱ በአይናር ተጣብቆ የሚገኝና የዓይኑ ነጭ ክፍል ያልቀላ ከሆነ፣ በአብዛኛው ምክንያቱ የእንባ ቱቦ መዘጋት ነው።

እንባ ዓይንን ካራሰ በኋላ በአፍንጫ በኩል ባለው የዓይን ጥግ በሚገኙ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ገብቶ ወደ እንባ ከረጢት፣ ከዚያም በቱቦ ወደ አፍንጫ ይወርዳል፤ ስናለቅስ አፍንጫችን የሚፈሰውም ለዚህ ነው። በአንዳንድ ሕፃናት በቱቦው የታችኛው ጫፍ ያለው ስስ ሽፋን ሳይከፈት ይቀራል። ክሪግለር የተባለ ሐኪም በ1923 እ.ኤ.አ. የገለጸው ማሸት ዓላማው በከረጢቱ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ወደ ታች ገፍቶ ይህን ሽፋን በግፊት መክፈት ነው።

«ማሸት» የሚለው ቃል ግን ገላን ቅቤ ቀብቶ እንደማሸት ስለሚያስመስለው ጥቂት ያሳስታል። የሚነካው ዓይኑም ቆቡም አይደለም። እጅ በሳሙና ከታጠበና ጥፍር ከተቆረጠ በኋላ፣ የትንሿ ጣት ጫፍ በዓይኑ የውስጥ ጥግና በአፍንጫው አጥንት መካከል ይቀመጥና ቆዳውን ሳይፈትግ ጫን ብሎ በአፍንጫው ጎን ቁልቁል ይንሸራተታል። ይህ ከ5 እስከ 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይደጋገማል፤ ጡት በሚጠባበት ሰዓት ማድረጉ ይቀላል። በጣም ለስልሶ የሚደረግ ዳሰሳ ግፊት ስለማይፈጥር ብዙም አይጠቅምም፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ጊዜ ባለሙያ በእጁ ቢያሳይ ይመረጣል። በማሸት ጊዜ አይናር ወደ ጥጉ ቢወጣ አያስደነግጥም፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በተነከረ ንጹሕ ጥጥ ይጠረጋል፣ ለእያንዳንዱ ዓይንም የተለየ ጥጥ ያስፈልጋል። የጡት ወተት ዓይን ውስጥ ማለብ ግን ቱቦውን አይከፍትም።

ከአሥር ሕፃናት ዘጠኙ ያህል አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሻላቸዋል፤ ካልተሻላቸው የዓይን ሐኪም ቱቦውን በቀጭን ዘንግ ይከፍተዋል። የዓይኑ ጥግ ቀልቶ ካበጠ፣ ትኩሳት ከታየ፣ በመጀመሪያው ወር ብዙ መግል ከወጣ፣ ወይም ሕፃኑ ብርሃን ከሸሸና የዓይኑ ጥቁር ክፍል ከደበዘዘ ግን ማሸቱ ቆሞ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፤ የመጨረሻው ምልክት የዓይን ግፊት መጨመርን ሊያመለክት ይችላልና።