ፓራግላይዲንግ ምንድን ነው?

ለትምህርት ወደ ተራራማ አገር የሄደ ተማሪ ከሸንተረሩ አናት እየተነሡ የሚንሳፈፉ ባለ ቀለም ክንፎችን ማየቱ አይቀርም። ብዙዎች ከገደል መዝለል ይመስላቸዋል። ፓራግላይዲንግ ግን በረራ ነው፤ ሰው ያለ ሞተር፣ በጨርቅ ክንፍ ከተዳፋት ሮጦ ተነሥቶ አየሩን እየቀዘፈ የሚሄድበት።

ክንፉ ቅርጹን የሚይዘው በዋናነት በአየር ነው። ሁለት የጨርቅ ንጣፎች ተሰፍተው በመካከላቸው ብዙ ክፍሎች ይፈጠራሉ፤ ከፊት ጠርዝ ባሉት ቀዳዳዎች የሚገባው አየር ይነፋቸዋል። አብራሪው ቁልቁል ሲሮጥ ክንፉ ከራሱ በላይ ይቆማል፣ ከጥቂት እርምጃ በኋላም እግሩ መሬት ይለቃል። በሰዓት ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘ፣ በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። የሚዞረውም የሚያርፈውም በሁለት እጆቹ የያዛቸውን የፍሬን ገመዶች እየሳበ ነው።

ስፖርቱ በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሚየሲ በምትባል የፈረንሳይ አልፕስ መንደር መልክ ያዘ። ሦስት ፓራሹተኞች ከአውሮፕላን መዝለሉን ትተው ከተራራ ተዳፋት ሮጠው ተነሡ።

ዝም ብሎ ቁልቁል መንሸራተት ብቻ ቢሆን ኖሮ በረራው በደቂቃዎች ባለቀ ነበር። የሚያረዝመው ፀሐይ ናት። ፀሐይ የመታው ዐለትና ደረቅ ማሳ ከጫካና ከውኃ ቀድሞ ይሞቃል፤ በላዩ ያለውም አየር ሞቆ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ተርማል ይሉታል። አብራሪው በውስጡ እየተሽከረከረ ከፍታ ያገኛል፣ ከአናቱ ወጥቶም ወደ ሌላው ይሻገራል። በዚህ መንገድ በአንድ ቀን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የበረሩ አሉ! ለእኔ ከስፖርቱ ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው ይህ ነው።

ያው ፀሐይ ግን አየሩን ታናውጣለች። ከቀትር በኋላ የሸለቆ ነፋስ ይበረታል፤ ከነፋስ በተከለለው የሸንተረር ጀርባ አየሩ ይገለባበጣል። በአልፕስ ደግሞ ፎን የተባለው ነፋስ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በኃይል ይወርዳል። ስለዚህ የጠራ ሰማይ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። «ዛሬ አይበረርም» የሚል አብራሪ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሁለት ቀን ብቻ ያለው ቱሪስት ይቸኩላል፤ ዓመት የሚቀመጥ ተማሪ ግን ምቹውን ቀን መጠበቅ ይችላል። በእኔ እምነት ከገንዘብም ከድፍረትም የሚበልጠው ዕድሉ ይህ ነው።

ጀማሪ የሚሞክረው ታንደም የተባለውን የጥንድ በረራ ነው፤ ተሳፋሪው ከፊት፣ ፈቃድ ያለው አብራሪ ከኋላ ሆነው በአንድ ሰፊ ክንፍ ይታጠቃሉ። የተሳፋሪው ዋና ድርሻ መሮጥ ነው፤ አብራሪው ሳይናገር እግርን አጥፎ ለመቀመጥ መቸኮል መነሻውን ያበላሻል። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማና ሙቅ ልብስ ያስፈልጋል። አስቀድሞ የአብራሪውን ፈቃድ፣ የራስ ቁሩንና የመጠባበቂያ ፓራሹቱን መጠየቅ ነውር የለውም። የተማሪ የጤና መድን ውልም ይነበብ፤ የአየር ላይ ስፖርትን በግልጽ የሚያገልሉ ውሎች አሉ።

ብቻውን ለመብረር የሚሻ ኮርስ ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ከተራራ አናት አይደሉም፤ በሜዳና በዝቅተኛ ኮረብታ ላይ ክንፉን ማንሣት፣ ከራስ በላይ ማቆምና መልሶ ማውረድ ናቸው።