የአየር ንብረት ተዛምዶ ምንድን ነው?

«አዲስ አበባ ደጋ ናት። የቆላ እንስሳ ቢያመልጥ ብርዱ ይጨርሰዋል። ክልከላው ለቆላው ይሁን፣ እኛን ተዉን!» ሰሞኑን አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዤ በሬዲዮ የሰማሁት ነው። ሰውዬው ከውጭ የሚገቡ ብርቅዬ የቤት እንስሳትን መከልከል ተገቢ አይደለም እያለ ሲከራከር «የአየር ንብረት ተዛምዶ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጠራው። ሦስቱንም ጊዜ «ሙቀት» ማለቱ ነበር። ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ።

ተዛምዶ ማለት አንድ ዝርያ በተፈጥሮ የሚኖርበትን አገር ዝናብ፣ የወቅቶች አፈራረቅ፣ የከፋ ብርድና የከፋ ሙቀት ከአዲሱ ቦታ ጋር ማስተያየት ነው። የሚጠየቀው ያመለጠው እንስሳ በሕይወት ይቆያል ወይ ሳይሆን ይራባል ወይ፣ ልጆቹስ ይራባሉ ወይ ነው። የአንድ ከተማ አማካይ ሙቀት ይህን አይመልስም።

ሊጥ ያቦካ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በሐምሌ አዲስ አበባ ላይ ሊጡ ይለግማል፤ ድሬዳዋ ቢሆን ቶሎ ይደርስ ነበር። ግን ብርድ ነው ብላ እርሾዋን የምትደፋ ባለሙያ አይቼ አላውቅም። ቡሃቃውን ወደ ምድጃው ጠጋ ታደርገዋለች። ከተማም ለእንስሳ ጠጋ የሚልበት ምድጃ አያጣም፤ የዳቦ ቤት ጀርባ አለ፣ ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ አለ። አብሲትም አለ፤ ከሊጡ ተቀንሶ በፈላ ውሃ በስሎ ሲመለስበት የለገመው ሊጥ ይነሣል። ያልተለመደ ሞቃት ዓመት ደግሞ ተደብቀው ለቆዩ ጥቂት እንስሳት አብሲታቸው ነው። (እርሾ ወንድና ሴት አይፈልግም፣ እንስሳ ይፈልጋል። ንጽጽሩ እዚህ ላይ ያነክሳል፣ እኔ ግን አልተውኩትም።)

«የሞቃት አገር እንስሳ ብርድ አይችልም» ለሚለው ደግሞ ለንደንን ልጥራ። አንገቱ ላይ ቀለበት ያለው አረንጓዴ በቀቀን ከምዕራብ አፍሪካ እስከ እኛ ቆላ፣ ከዚያም በሕንድ ይኖራል። ከሰው እጅ ያመለጡት፣ በአብዛኛው ከሕንድ በኩል የመጡት፣ ዛሬ በለንደን መናፈሻዎች በጥር ብርድ ይንጫጫሉ። የለንደን ሰው በጓሮው ለወፍ እህል ይሰቅላል። ምድጃው እሱ ነው።

የሬዲዮው ሰውዬ አሜሪካንንም ጠቅሶ ነበር፤ በረዶ በሚወርድበት ሚኒሶታ የበርማ ዘንዶ ምን ያደርጋል ብሎ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እዚያ አይራባም። በፍሎሪዳ ረግረግ ግን ዘንዶው መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን ሰፍሮ እየተራባ መሆኑ የታወቀው በ2000 ነው። የፌዴራሉ መንግሥት በ2012 ከለከለው። በ2017 ግን ፍርድ ቤት የክልከላው ሕግ በአህጉሪቱ ባሉት 49 ግዛቶች መካከል ማጓጓዝን አያግድም ብሎ ስለወሰነ፣ ጉዳዩ ተመልሶ በየግዛቱ እጅ ወደቀ። እዚህ ላይ ይህን ተዛምዶ የምንሠራውን የራሳችንን ገመና ልናገር። በ2008 አንዱ የተመራማሪዎች ቡድን ለዘንዶው የሚስማማው መሬት ከአሜሪካ ሲሶውን ይሸፍናል አለ፤ ሌላው ደቡብ ፍሎሪዳና የቴክሳስ ጫፍ ብቻ ነው አለ። ዘንዶው አንድ ነው፤ የተመረጡት መለኪያዎች ናቸው የተለያዩት። በጥር 2010 የወረደው ውርጭ ፍሎሪዳ ውስጥ ብዙ ዘንዶ ሲፈጅ ሁለተኞቹ ተደሰቱ። የተረፉት ግን መራባታቸውን ቀጠሉ።

ወደ አዲስ አበባ ልመለስ፣ ወደ ቀበና ወንዝ። ከዓይኗ ጀርባ ቀይ መስመር ያላትን የአሜሪካ የውሃ ኤሊ እንውሰድ። ስትገዛ ከብር ሳንቲም ብዙም አትበልጥም፤ አድጋ ስትሰለች ወንዝ ትጣላለች፤ ከ20 ዓመት በላይ ትኖራለች። እንቁላሏ የሚፈለፈለው በሞቀ አፈር ነው፤ አፈሩ ቀዝቀዝ ካለ የሚወጡት ወንዶች፣ ከሞቀ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ መራባቷ ያጠራጥራል፤ ይህን ለሰውዬው በሙሉ ልቤ እሰጠዋለሁ። ችግሩ ቀበና ቀበና ላይ አለመቆሙ ነው። ከእንጦጦ ወርዶ ወደ አቃቂ ይገባል፣ በአባ ሳሙኤል አድርጎ አዋሽን ይቀላቀላል፣ አዋሽ ቆቃን አልፎ እስከ አፋር ይወርዳል። ቆሻሻ ውሃውም ኤሊዋን ብዙ አይከብዳትም። «ለደጋው ተፈቅዷል» ያልናት በራሷ እግር ቆላ ትወርዳለች። የአውሮፓ ኅብረት ይችኑ ኤሊ ከፊንላንድ እስከ ማልታ በአንድ ዝርዝር የከለከለው ፊንላንድ ላይ ትራባለች ብሎ አይደለም። በመካከል ኬላ ስለሌለ ነው።

ደግሞስ ብርድ ሁሌ ወዳጅ ነው ያለው ማን ነው? እንቁራሪትን የሚገድለው የቆዳ ፈንገስ የሚመቸው ከ17 እስከ 25 ዲግሪ ነው፤ 30 ሲጠጋ ይዳከማል። በዚህ በኩል ከተቆጠረ ከውጭ የመጣች እንቁራሪት ይበልጥ የምታሰጋው ሌላ አገር የማይገኙ እንቁራሪቶች ያሉበትን ደጋችንን ነው። አሜሪካኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሱ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከሉት ሳልሞኔላ በተባለው ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ምክንያት ነው፤ ልጆች አፋቸው ውስጥ ስለሚከቷቸው። ሳልሞኔላ ደጋና ቆላ አይመርጥም።

ሕጉ የአየር ንብረትን ይይ ከተባለ አልቃወምም፣ እንዲያውም ሥራዬ ነው። በከተማ ሳይሆን በተፋሰስ ይቁጠር፤ ለእንስሳው ብቻ ሳይሆን ተሸክሞት ለሚመጣው በሽታም ይቁጠር። መስመሩ ደጋና ቆላ ላይ ይሰመር የሚለው ሰው ግን መጀመሪያ ቀበና ድልድይ ላይ ቆሞ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ይመልከት።