ስለ ካንተርበሪው «ቀዩ ዲን» የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እንግሊዛዊው ቄስ ሂውሌት ጆንሰን እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1963 የካንተርበሪ ካቴድራል ዲን፣ ማለትም የካቴድራሉ አስተዳዳሪ ካህን ነበሩ። ሶቪየት ኅብረትን በግልጽ በመደገፋቸው «ቀዩ ዲን» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላቸዋል። ሥልጣናቸውም ሆነ እምነታቸው እስከ ዛሬ በስሕተት ይነገራል።

«የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ነበሩ።»
አልነበሩም። የሊቀ ጳጳሱ መንበር በካቴድራሉ ውስጥ ቢሆንም፣ የዕለት ተዕለት አገልግሎቱን፣ ሕንጻውንና ንብረቱን ከካህናቱ ጉባኤ ጋር ሆኖ የሚያስተዳድረው ዲኑ ነው፤ በእኛም አገር የደብር አስተዳዳሪና የሀገረ ስብከት ሊቀ ጳጳስ የተለያዩ ናቸው። ሆኖም ጆንሰን እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥቁር ገምባሌ አድርገው፣ ትልቅ መስቀል በደረታቸው ላይ አንጠልጥለው በውጭ አገር ሲታዩ፣ ብዙዎች ከሊቀ ጳጳሱ ጋር እያምታቱ ንግግራቸውን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አቋም አድርገው ይወስዱት ነበር።

«ሊቀ ጳጳሱ ሊሽሯቸው ሲችሉ ዝም አሉ።»
ዲኑን የሚሾመው ዘውዱ ስለሆነ፣ ሕግ እስካልጣሱ ድረስ ሊቀ ጳጳሱ ከቦታቸው ሊያነሷቸው አይችሉም ነበር። ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1952 ከቻይና ተመልሰው አሜሪካ በኮሪያ ጦርነት የጀርም መሣሪያ ተጠቅማለች ብለው ሲከሱ፣ ጉዳዩ እስከ ብሪታንያ ፓርላማ የላይኛው ምክር ቤት (የጌቶች ምክር ቤት) ደረሰ፤ ሊቀ ጳጳስ ጄፍሪ ፊሸር የዲኑን አቋም አጥብቀው ቢቃወሙም፣ ለመሻር የሚያበቃ የሕግ ጥሰት ግን አልተገኘም።

«የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ነበሩ፤ ሶሻሊዝምንም የተማሩት ከሞስኮ ነው።»
የፓርቲ አባል ሆነው አያውቁም። መሐንዲስነት የተማሩት ጆንሰን ሶሻሊዝምን የተዋወቁት ክህነት ሳይቀበሉ በፊት፣ በማንችስተር የባቡር ፉርጎ ፋብሪካ ውስጥ ከሠራተኞች ጋር ሲሠሩ ነው። ይህ ግን ከወቀሳ አያድናቸውም። በሶቪየት ኅብረት ካህናት እየታሰሩና እየተገደሉ፣ አብያተ ክርስቲያናት እየተዘጉ ሳለ፣ አንድ ካህን ያንን ሥርዓት የወንጌል ፍሬ አድርጎ ማወደሱ ከባድ ጥፋት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1951 የስታሊን የሰላም ሽልማትን መቀበላቸውም ጥፋቱን ያባብሰዋል።

«ፖለቲካው ካቴድራሉን አስረስቷቸዋል።»
ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ መጓዛቸው እውነት ነው፤ ከካቴድራሉ ካህናት ጋርም በአቋማቸው ምክንያት ተጋጭተዋል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በጁን 1942 መጀመሪያ የጀርመን አውሮፕላኖች ካንተርበሪን ደብድበው የዲኑን መኖሪያ ሳይቀር ሲጎዱ፣ ጆንሰን በከተማዋ ኃላፊነታቸው ላይ ነበሩ፤ ሥራቸውን የለቀቁትም በ89 ዓመታቸው ነው።