በኢንዴክስ ላይ የተመሠረተ የድርቅ መድን በኢትዮጵያ

በኢንዴክስ ላይ የተመሠረተ የድርቅ መድን ካሳ የሚከፍለው የገበሬው ማሳ ወይም የአርብቶ አደሩ መንጋ ታይቶ አይደለም። በአካባቢው የጣለው ዝናብ ወይም የግጦሹ ልምላሜ በውሉ ላይ ከተጻፈው ልክ ካነሰ ይከፈላል፤ ካላነሰ አይከፈልም። ግማሽ ሄክታር ጤፍ ለማየት ገማችና መኪና መላክ ከአረቦኑ (ለመድኑ ከሚከፈለው ዋጋ) በላይ ስለሚያስወጣ የተለመደው የሰብል መድን ለትንሽ ማሳ አያዋጣም። እዚህ ግን ገማች አያስፈልግም። አረሙን የነቀለም ያልነቀለም እኩል ስለሚያገኝ፣ ካሳ ፍለጋ ማሳውን ችላ የሚል ሰውም አይኖርም። ችግሩ መለኪያው ያነበበውና ማሳው ላይ የደረሰው አንዳንድ ጊዜ አለመግጠማቸው ነው። ዛሬ በዘርፉ የሚደረገው ምርምር አብዛኛው የሚያጠነጥነው በዚህ ክፍተት ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተነገረ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አጀማመሩ

በ2006 የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ድርቅ አክሳ ሪ ከተባለ የጠለፋ መድን (ለመድን ኩባንያዎች መድን የሚሰጥ) ኩባንያ ጋር ውል ገባ። አረቦኑ 930,000 ዶላር፣ ከፍተኛው ካሳ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን፣ ኢንዴክሱ የተሠራው ከ26 የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች መረጃ ነበር። ዘመኑ ጥሩ ዘነበና ምንም አልተከፈለም። ገበሬው ራሱ ውል ገዢ የሆነው ግን በ2009 ነው፤ ትግራይ ውስጥ አዲሃ በተባለ ቦታ 200 አባወራዎች ለጤፋቸው መድን ገቡ። ‹ሀሪታ› የተባለውን ይህን ሙከራ ኦክስፋም አሜሪካ፣ ማኅበረ ረድኤት ትግራይ፣ ኒያላ ኢንሹራንስ፣ የጠለፋ መድን ሰጪው ስዊስ ሪና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች አብረው ሠሩት። በ2011 የዓለም የምግብ ፕሮግራም ገብቶበት ‹አር 4› ተባለ፤ በ2012 የዝናብ ወቅት ማብቂያ ላይም ከ12,000 በላይ ገበሬዎች ካሳ አገኙ።

ሙከራውን ያስፋፋው አረቦኑን በጉልበት መክፈል መቻሉ ነው። በ2005 የተጀመረው ሴፍቲኔት የሕዝብ ሥራ የሚያሠራበት አደረጃጀት ስለነበረው፣ ጥሬ ገንዘብ የሌለው አባወራ ተጨማሪ ቀናት እርከን እየሠራ፣ ብስባሽ እያዘጋጀ ወይም ችግኝ እየተከለ አረቦኑን ያወራርዳል።

በቦረና በ2012 የተጀመረው የእንስሳት መድን መንገዱ ሌላ ነው። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ቀደም ሲል በ2010 በኬንያ ማርሳቢት የሞከረውን፣ ኦሮሚያ ኢንሹራንስ በኢትዮጵያ መሸጥ ጀመረ። ሽያጩ በዓመት ሁለት ጊዜ ይከፈታል፦ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከሚጥለው ዋናው ዝናብ በፊት፣ እንዲሁም ከጥቅምት እስከ ኅዳር ከሚጥለው ‹ሀገያ› በፊት።

ኢንዴክሱ እንዴት ይሠራል?

ለሰብል መጀመሪያ የሚወሰነው ዝናቡ የሚቆጠርበት ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለት መስኮት ይመረጣል፤ አንደኛው ዘር ተዘርቶ እስኪበቅል፣ ሁለተኛው ሰብሉ አብቦ ፍሬ እስኪይዝ። ዝናቡ በአስር በአስር ቀን ይደመራል። ለምሳሌ ውሉ ለሁለተኛው መስኮት ካሳ የሚጀምርበትን ልክ 150 ሚሊሜትር፣ ሙሉ ካሳ የሚከፈልበትን 70 ሚሊሜትር ቢያደርግና የተለካው ዝናብ 110 ቢሆን፣ ጉድለቱ ከ80ው 40 ስለሆነ ግማሽ ካሳ ይከፈላል፤ 2,000 ብር የተዋዋለ 1,000 ብር ያገኛል ማለት ነው።

የአስር ቀኑ ድምርም ጣሪያ ይበጅለታል። በሁለት ቀን የወረደ 90 ሚሊሜትር ዶፍ አፈር ጠርጎ ይሄዳል እንጂ ለሥሩ አይደርስም። ስለዚህ ጣሪያው 50 ከሆነ የሚቆጠረው 50 ብቻ ነው። ይህ ካልተደረገ አንድ ዶፍ ሦስት ሳምንት የፈጀን ድርቀት ይሸፍናል፤ ሰብሉ ደርቆ ሳለ መለኪያው ‹በቂ ዘንቧል› ይላል።

ዝናቡን የሚለካው ሳተላይት ነው። ለዋጋ ስሌት ቢያንስ የ30 ዓመት ያልተቋረጠ መረጃ ያስፈልጋል፤ የመሬት ጣቢያዎች ደግሞ የሚበዙት በከተሞችና በዋና መንገዶች ዳር ነው። ሳተላይቱ ግን ዝናቡን በቀጥታ አያየውም፤ የደመናውን አናት ቅዝቃዜ አይቶ ይገምታል። ተራራ ገፍቶት የሚወጣ፣ አናቱ ያልቀዘቀዘ ደመና የሚያወርደውን ዝናብ አሳንሶ የሚያነበው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥሩ ከገበሬው ትዝታ ጋርም ይመሳከራል። ሽማግሌዎች ክፉ ዘመኖችን በቅደም ተከተል እንዲናገሩ ይጠየቁና ዝርዝሩ ከሳተላይቱ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣል። እዚህ ላይ አንድ ተደጋጋሚ ስህተት አለ። ገበሬው ‹የ77 ድርቅ› የሚለው ረሃቡን ነው። ዝናቡ የከዳው ግን በ1976 ዓ.ም. ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ይህም በሳተላይቱ መዝገብ የ1984 ክረምት ነው። ‹77› ላይ ስምንት ደምሮ ወደ 1985 የወሰደ ሰው ትክክለኛውን ትዝታ ከተሳሳተ ክረምት ጋር ያስተያየዋል፤ ከዚያም ‹ገበሬው አያስታውስም› ብሎ ይደመድማል። የ2008 ዓ.ም. ድርቅም እንደዚሁ ነው፤ ዝናቡ የቀረው በ2007 ዓ.ም. ክረምት ነበር።

ለግጦሽ የሚለካው ልምላሜ ነው። ጤናማ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ ከቀዩ ቀጥሎ ያለውን ዐይን የማያየውን ብርሃን ያንጸባርቃል፤ የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል ከ−1 እስከ 1 ያለ ቁጥር ይወጣል። የወቅቱ ንባብ ከዚያው ቦታ ያለፉት ዓመታት ጋር ይነጻጸራል።

የት ላይ ይሳሳታል?

የሳተላይቱ አንድ ነጥብ ጎንና ጎኑ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። በዚያ ውስጥ ደጋውም ቆላውም አለ፤ ደጋው ሲጠግብ ቆላው ይደርቃል፣ ንባቡ ግን አንድ ነው። በረዶ፣ አንበጣና ዋግ በኢንዴክሱ አይታዩም። የቦረና ቁጥቋጦ ችግሩ ረቀቅ ይላል። ቁጥቋጦ ከሣር ቀድሞ ያቆጠቁጣል፤ ለሳተላይቱ ለምለም ነው፣ ለከብቱ ግን መኖ አይደለም። ቁጥቋጦው ባለበት ቢቆም ኖሮ ንጽጽሩ ከራሱ ከቦታው ጋር ስለሆነ ስህተቱ ይጣፋ ነበር። ዓመት በዓመት ስለሚስፋፋ ግን መለኪያው ቀስ በቀስ ይዋሻል።

በዘርፉ ዘወትር የሚጠቀሰው ጥፋት የማላዊ ነው። መንግሥት በአፍሪካ ኅብረት ሥር ከተቋቋመው የአፍሪካ የአደጋ ስጋት መድን ዋስትና ገዝቶ ነበር። በ2016 አገሩ በድርቅ ሲመታ ሞዴሉ የተጎዳውን ሕዝብ ቁጥር እጅግ አሳንሶ ካሳ አይገባም አለ። ሲመረመር የተገኘው ምክንያት ገበሬው ቶሎ የሚደርስ በቆሎ መዝራት ከጀመረ የቆየ መሆኑ ነው፤ ሞዴሉ ግን ቆይቶ የሚደርሰውን ዝርያ አስቦ ዝናቡን ሲቆጥር ነበር። ተስተካክሎ ወደ 8.1 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለ፤ የረሃቡ ወራት ግን እየገፋ ነበር።

ማን ይገዛል?

ያለ ድጎማ የሚገዛው ጥቂት ነው። አረቦኑ የሚጠየቀው ገበሬው እጁ ባዶ በሆነበት፣ ለዘርና ለማዳበሪያ በሚጨነቅበት ሰዓት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገ የመስክ ሙከራ አረቦኑ እስከ መኸር ሲታገስ ገዢው በግልጽ መጨመሩን፣ በእድር በኩል ሲቀርብ ደግሞ ይበልጥ መጨመሩን አሳይቷል። ሌላ ጥናት የእድር መሪዎች ካሳውን በአባላት መካከል ስለመከፋፈል ሲሠለጥኑ ፍላጎቱ እንደሚያድግ አግኝቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መለኪያው የዘለለውን ጎረቤት እድሩ ያየዋል።

ሽያጩ የሚዘጋበት ቀንም ቀልድ አይደለም። ኤልኒኖ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው መሞቅ) የክረምቱን ዝናብ እንደሚቀንስ፣ ላኒና (መቀዝቀዙ) ደግሞ የደቡቡንና የደቡብ ምሥራቁን ዝናብ እንደሚያዳክም ይታወቃል። ትንበያው ከወጣ በኋላ ሽያጭ ክፍት ከቆየ ሰው የሚገዛው በክፉ ዘመን ብቻ ይሆናል፤ ኩባንያውም የጠለፋ መድን ሰጪውም አይዘልቁም።

የአየር ንብረት ለውጡ ጉዳይ

ዋጋው የሚሰላው ያለፉት 30 ዓመታት የሚመጡትን ይመስላሉ በሚል ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ ካለፉት አሥርት ዓመታት ወዲህ ቀንሶ ታይቷል፤ አብዛኞቹ የአየር ንብረት ሞዴሎች ግን ወደፊት እንደሚጨምር ያሳያሉ። ይህ ቅራኔ ገና መቋጫ አላገኘም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ፣ በአስር ዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ለሚመጣ ድርቅ የተሠራ ውል በየወቅቱ ሊከፍል እንደማይችል ታየ፤ አረቦኑ ካሳውን ሊያክል ምንም አይቀረውም።

ስለዚህ አሁን የሚያመዝነው አሠራር አደጋውን በደረጃ መከፋፈል ነው። ቀላሉን የዝናብ መዛባት ቤተሰቡ በቁጠባና በእድር ይይዘዋል፣ መካከለኛውን መድኑ ይሸከማል፣ እጅግ የከፋውን መንግሥትና ለጋሾች ይወስዱታል። የዓለም ባንክ በ2022 ለኢትዮጵያ፣ ለኬንያ፣ ለሶማሊያና ለጅቡቲ አርብቶ አደሮች ያጸደቀው ‹ድራይቭ› የተባለው ፕሮጀክት አረቦኑን የሚደጉመው ከቁጠባ ሒሳብ ጋር አያይዞ ነው። ክፍያውም ከብቱ ከሞተ በኋላ እንዳይደርስ ወደ ወቅቱ አጋማሽ እንዲቀርብ እየተደረገ ነው፤ ያኔ የተገኘው ገንዘብ መኖ፣ ውኃና መድኃኒት ይገዛል፣ ላሚቱም በሕይወት አለች።