ለእንጆሪ «አጭር ቀን» ምንድን ነው?

እንጆሪ አበባ ይቋጥር ወይስ መሬት ለመሬት የሚሳብ ሐረግ ይልቀቅ የሚወስነው በዋናነት በቀኑ ርዝመትና በሙቀቱ ነው። አጭር ቀን የሚወዱት ዝርያዎች አበባ የሚቋጥሩት ብርሃኑ በቀን ከ14 ሰዓት ገደማ ሲያንስ ነው። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከወረደ ደግሞ ቀኑ ቢረዝምም ያብባሉ። እንደ አልቢዮን ያሉት ዝርያዎች የቀን ርዝመት አይመርጡም፤ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ግን እነሱም አበባ መቋጠር ያቆማሉ።

ደብረ ብርሃን ላይ ረጅሙ የሰኔ ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ፣ አጭሩ የታኅሣሥ ቀን ደግሞ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ በሰሜን ሸዋ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ ለእንጆሪ አጭር ነው ማለት ነው። ቀኑን ለማስረዘም ማታ አምፖል ማብራት ለአጭር ቀን ዝርያዎች ከንቱ ወጪ ነው፤ እንዲያውም አበባውን ሊያዘገየው ይችላል። እዚህ የሚያጥረው የብርሃኑ ሰዓት ሳይሆን ጉልበቱ ነው፤ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ሲከብድ፣ እንደ ደብረ ሲናና አንኮበር ባሉ ገደላማ ቦታዎች ደግሞ ጉሙ ሲውል።

ብርሃን ያነሰውን ተክል ማወቅ ቀላል ነው። የቅጠሉ ዘንግ ይረዝማል፣ ቅጠሉ ሰፊና ስስ ይሆናል፣ ከእምብርቱ፣ ማለትም ቅጠሉ ከሚወጣበት አጭር ግንድ፣ የሚወጣው አዲስ ቡቃያ ይቀንሳል። ፍሬው ትንሽና ውሃ ውሃ የሚል፣ ጎምዛዛ ይሆናል። ተክሉ ቀጥ ብሎ ስላደገ ብቻ «ደህና ነው» ብሎ ዩሪያ መጨመር ትልቅ ስህተት ነው፤ ለስላሳ ቅጠል ይበዛና እርጥበት አፍኖ ፍሬውን ለግራጫ ሻጋታ ይዳርገዋል። የአበባ እምቡጥ በእምብርቱ ውስጥ ከተጀመረ በኋላ እስኪፈነዳ ሳምንታት ስለሚፈጅ፣ የነሐሴ ጉዳት የሚታየው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ያን ጊዜ በማዳበሪያ መሯሯጥ አያድንም።

መፍትሔው ከቦታ መረጣ ይጀምራል። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ቢቻል 8 ሰዓት ቀጥተኛ ጸሐይ የሚያገኝ መሬት ያስፈልጋል። ከባሕር ዛፍ መራቅ ግድ ነው፤ ጥላው ብቻ ሳይሆን ሥሩም ውሃውን ይሻማል። በበጋ ጸሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በማሳው ደቡብ በኩል ያለ ዛፍ ወይም ግንብ ይበልጥ ይጎዳል። መደቡን ከሰሜን ወደ ደቡብ አውጡት፤ ሁለቱም ጎን ጸሐይ ያገኛል። በተክሎች መካከል ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይተው፤ ከዚያ ቢጠጋ የታችኛው ቅጠል ጥላ ይወድቅበታል። የተሳበውን ሐረግና የሸመገለውን ቅጠል በየጊዜው መቁረጥም ብርሃን ወደ እምብርቱ ያስገባል።

በላስቲክ ቤት የምታለሙ፣ አቧራና አልጌ የያዘ ላስቲክ ብርሃኑን ስለሚቀማ ክረምት ከመግባቱ በፊት እጠቡት። አበባ ሲፈነዳ ጎኑን ቀን ቀን ክፈቱ፤ ንብ ካልገባ ፍሬው ጎባጣ ይሆናል።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ብርሃኑ ሲበዛ፣ በደጋው ሌላ ችግር ይመጣል፤ ውርጭ። መሃሉ የጠቆረ አበባ ፍሬ አይሰጥም። ማታ ማታ በስስ ጨርቅ ሸፍኑ፣ ጠዋት ጸሐይ ስትሞቅ ግለጡ፤ ቀኑን ተሸፍኖ ከዋለ ያው ብርሃን ማሳጣት ነው።

ሸዋ ሮቢት አካባቢ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ብርሃን ሞልቷል፣ አበባውን የሚያስቀረው ሙቀቱ ነው። እዚያ ብርሃኑን 30 በመቶ የሚከልል የጥላ መረብ ያግዛል፤ ይኸው መረብ ደብረ ብርሃን ላይ በክረምት ቢዘረጋ ምርቱን ይቀንሳል።