«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም»፦ ለማን ይተረት?

ምሳሌው የሚሸተው የባህል ሕክምናን ነው። መድኃኒት አዋቂው ሥር የሚምሰው፣ ቅጠል የሚበጥሰው በሽተኛው በነገረው ልክ ነበር። ኮሶ የታየበት ሰው የሚያፍርበት ነገር የለም፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፣ ያን ቀን ለሥራ የሚጠራውም አይኖርም። ቂጥኝ ወይም ጨብጥ የያዘው ግን «ወገቤን አመመኝ» ይላል፣ የወገብ መድኃኒት ይዞም ይመለሳል። ተረቱ አጥንት የሚነካው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ዛሬ ትርጉሙ ሰፍቶ ዕዳውንም ሆነ የትዳር ጭቅጭቁን አምቆ ለሚይዝ ሁሉ ይነገራል።

አሁን አሁን ደግሞ ትምህርት ቤት ለአፍላ ወጣቶች ስለ ወሲብ ምን ያህል ያስተምር በሚለው ክርክር ውስጥ፣ በግልጽ ይማሩ ከሚሉት ወገኖች እሰማዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኬፕ ታውን ላይ 20 የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ለወጣቶቻቸው የተሟላ የሥነ ጾታ ትምህርት ለመስጠት ቃል ሲገቡ ኢትዮጵያም አብራ ነበረች። ብዙ ወላጆችና የሃይማኖት አባቶች ግን «ልጆቻችን መቼ ታመሙ? ላልታመመ መድኃኒት ማቅመስ ያላሰቡትን ማሳሰብ ነው» ይላሉ። በዋዛ የሚታለፍ መልስ አይደለም። ጉርምስና በሽታ ስላልሆነ ምሳሌው በልጆቹ ላይ ከተተረተ ያለ ቦታው ገባ።

እኔ የምተርተው በትልልቆቹ፣ በመምህሩና በወላጁ ላይ ነው። የባዮሎጂ መምህሩ የሥነ ተዋልዶ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ወንዶቹ ከኋላ ወንበር ይንሾካሾካሉ፣ ሴቶቹ ደብተራቸው ላይ ያቀረቅራሉ፤ እሱም ሥዕሉን ሳይስል «ይህን ቤታችሁ አንብቡት» ብሎ ገጹን ይገልጣል። ቤት ሲጠየቅ ደግሞ «መምህራችሁ ምን ሊያደርግ ተቀጠረ?» የሚል ቁጣ ይጠብቃል። (የፀረ ኤድስ ክበባት በደሩበት ዘመን ሚኒ ሚዲያው «መታቀብ፣ አንድ ለአንድ መወሰን፣ ኮንዶም መጠቀም» እያለ በዕረፍት ሰዓት ይለፍፍ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ያልተነገረው በድምፅ ማጉያ ይነገር ነበር ማለት ነው።)

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሴቶች 13 በመቶው ወልደዋል ወይም አርግዘዋል፤ አዲስ አበባ ላይ 3 በመቶ፣ አፋር ላይ 23 በመቶ። ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ቢያደርግም ከዚያ በፊት የሚዳሩ አሉ። «እስክታገባ ትታቀብ» የሚለው ትምህርት በ15 ዓመቷ ለተዳረች ልጅ የሚነግራት አንዳች ነገር የለም። ስለዚህ የመታቀብን ምክር ማስተማር ተገቢ ነው ብዬ ባምንም፣ እሱ ብቻ ይበቃል ለሚሉት አልስማማም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ምሳሌው መተረት የለበትም። ተደፍራ ዝም ያለች ተማሪን «በሽታውን የደበቀ...» ብሎ የሚገሥጽ ሰው አጋጥሞኛል። የደረሰባት ነገር ወንጀል መሆኑን፣ ለማን እንደሚነገርና የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚኬድ ማንም ክፍል ገብቶ ነግሯት አያውቅም።